የአዛዡ ዓይን ሲረዝም እጁ ምን ይሁን?

ይሄ በቅርቡ ያቀረብኩት ንግግር ነው፣ መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ ከማስታወሻዬ እያየሁ አወረድኩት። አፌ ላይ እንደመጣ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ሲረዝምባችሁ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ኮረብታ ልጀምር። 1854፣ ኦክቶበር 25፣ ክሪሚያ ውስጥ ባላክላቫ የሚባል ቦታ። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሎርድ ራግላን ከሸለቆው በላይ ከፍታው ላይ ቆሟል፣ ከዛ ሆኖ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታየዋል፣ ሁለቱ ሸለቆዎች፣ በመሃላቸው ያለው ጉብታ፣ ጉብታው ላይ ደሞ ሩሲያዎቹ ጠዋት የማረኳቸውን መድፎች ጎትተው ሊወስዱ ሲዘጋጁ ያያል። እና ትእዛዝ ያስጽፋል፣ ፈረሰኛው በፍጥነት ወደፊት ይሂድ፣ ጠላት መድፎቹን እንዳይወስድ ያግድ የሚል። የትኞቹን መድፎች እንደሆነ አልጻፈም፣ ለሱ እኮ ግልጽ ነው፣ ዓይኑ ስር ናቸው። ወረቀቱን ካፒቴን ኖላን የሚባል መኮንን ይዞ ቁልቁል ጋለበ። ታች ሸለቆው ውስጥ ያለው የፈረሰኛው አዛዥ ሎርድ ሉካን ግን ጉብታው ጋርዶታል፣ እሱ ካለበት የሚታዩት መድፎች ሸለቆው ጫፍ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ወደሱ ያዞሩት የሩሲያ መድፎች ብቻ ናቸው። የትኛው ጠላት፣ የትኛው መድፍ ብሎ ጠየቀ፣ ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው አቅጣጫ ወርወር አደረገ፣ በቃ። 670 ገደማ ፈረሰኛ በሶስት በኩል መድፍና ጠመንጃ ወደሚተኮስበት ሸለቆ ገባ፣ 110 ያህሉ ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ተማረኩም። ኖላን ራሱ ገና ሲጀመር ከሞቱት አንዱ ነው፣ ስለዚህ እጁን ሲወረውር የቱን ማለቱ እንደነበረ የሚጠየቅ ሰው አልተረፈም።

ይሄን ታሪክ አንዱ እንደ ጀግንነት ሌላው እንደ ሞኝነት ያወራዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ኮረብታው ነው። ራግላን መረጃ አላነሰውም፣ የዛን ቀን ሜዳውን እንደሱ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ከማየቱ ነው፣ በደንብ ስላየ ታች ያለው ሰውም እንደሱ የሚያይ መሰለው። ዛሬ አንድ አዛዥ በድሮን ካሜራ ከሰማይ ወደታች እያየ በሬዲዮ ትእዛዝ ሲሰጥ እሱም ኮረብታ ላይ ነው ያለው፣ ከራግላን በጣም የሚበልጥ ኮረብታ። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ከዚህ አይወጣም፣ ቴክኖሎጂ ለአዛዡ አዲስ ዓይን በሰጠው ቁጥር አብሮ ረጅም እጅ ይሰጠዋል፣ እና ያንን እጅ የት ድረስ ይስደደው የሚለው ነገር ሰው የሚያልቅበትና የሚተርፍበት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

የአዛዥነት ስልት ሲባል በመጽሐፍ ብዙ ዓይነት ክፍፍል ታገኛላችሁ፣ እኔ ግን ሁለት ጫፍ ይበቃኛል። አንዱ አዛዥ ለበታቹ "በዚህ መንገድ ሂድ፣ በዚህ ሰዓት ድረስ፣ እዚህ ጋር ተኩስ" ይለዋል። ሌላኛው "ግዳጅህ ይሄ ነው፣ የምፈልገው ውጤት ይሄ ነው፣ ለምን እንደምፈልገው ይሄ ነው፣ እንዴት እንደምታደርገው ያንተ ፋንታ ነው" ይለዋል። ሁለተኛው ስልት አሁን በብዙ አገር ሰራዊት መመሪያ ውስጥ ገብቷል፣ ሁሉም ያወድሰዋል፣ በተግባር ግን ከባድ ነው፣ ለምን ከባድ እንደሆነ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ናፖሊዮን። በሱ ጊዜ ጦር ሜዳ ላይ ከፈረስ የሚፈጥን መልእክት የለም። ሰራዊቱ ደሞ ከመቶ ሺህ በላይ ሆኗል፣ አንድ ሰው ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሊያየው አይችልም። እሱ ያደረገው ምንድነው፣ ሰራዊቱን ኮር በሚባሉ ክፍሎች ከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ኮር የራሱ እግረኛ፣ የራሱ ፈረሰኛ፣ የራሱ መድፍ ያለው ትንሽዬ ሙሉ ሰራዊት ነው፣ ብቻውን ሆኖ ትልቅ ጠላት ቢገጥመው ጎረቤቱ እስኪደርስለት ቀኑን መዋጋት የሚችል። ይሄ ነገር እንዴት እንደሰራ ለማየት 1806 ኦክቶበር 14ን እዩ። ናፖሊዮን ዬና ላይ የፕሩሲያን፣ የዛን ጊዜዋን የጀርመን መንግሥት፣ ዋና ጦር እየመታሁ ነው ብሎ ያምናል። ዋናው ጦር ግን ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ርቆ አወርሽቴት ላይ ከማርሻል ዳቩ ጋር ተፋጧል፣ ዳቩ ያለው 27 ሺህ ገደማ ሰው ነው፣ ፊቱ ያለው ጠላት ከእጥፍ በላይ። ዳቩ ንጉሠ ነገሥቱን ልጠይቅ አላለም፣ ቢልም መልሱ የሚደርሰው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ተዋጋ፣ ከሰራዊቱ ሩብ ያህሉን አጥቶ አሸነፈ። የዳቩ መልእክተኛ መጥቶ ሲናገር ናፖሊዮን አላመነም ነበር ይባላል፣ አለቃህ አንዱን ሁለት አድርጎ ነው ያየው አለው አሉ፣ ዳቩ ዓይኑ ደካማ ነበርና። እንግዲህ አስቡት፣ በዘመኑ አንደኛ የሚባለው የጦር አዛዥ የጠላት ዋና ጦር የት እንደሆነ ሳያውቅ ነው የዋለው፣ እንደዛም ሆኖ አሸንፏል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሰራው አደረጃጀት እሱ ሁሉን እንዲያውቅ አይጠብቅም።

በተቃራኒው ወገን የሆነውን ደሞ ተመልከቱ። የፕሩሲያው አዛዥ የብራውንሽቫይክ መስፍን ውጊያው መሃል ላይ ተመትቶ ወደቀ። ንጉሡ እዛው አለ፣ ጀነራሎቹ አሉ፣ ግን ማንም ትእዛዙን በቅጡ የተረከበ የለም፣ ወታደሩ ጥሩ የሰለጠነ ነው፣ ሲታዘዝ እንደ ሰዓት የሚንቀሳቀስ፣ ካልታዘዘ ግን ዝም ብሎ የሚቆም። ሻርንሆርስት የሚባለው መኮንን ይሄን በዓይኑ አይቷል፣ እዛው አወርሽቴት ላይ ነበር። ኋላ ስለ ጦርነት ታዋቂውን መጽሐፍ የጻፈው የፕሩሲያ መኮንን ክላውዘቪትዝ ደሞ ከሽንፈቱ በኋላ ተማረከ። የጦርነትን ጭጋግ በተመለከተ ዛሬ ድረስ የምንጠቅሰው ሃሳብ፣ በጦርነት ውስጥ ውሳኔ ከሚቆምባቸው ነገሮች ሶስት አራተኛው በጭጋግ የተጋረደ ነው የሚለው፣ የመጣው እንዲህ ያለ ሽንፈት ከቀመሰ ሰው ነው። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የበታች መኮንን ራሱ እንዲያስብ የማድረግ ልማድ ፕሩሲያ ውስጥ የዳበረው ጭጋጉ መቼም አይጠፋም ብለው ከተቀበሉ በኋላ ነው።

ከዛ ቴሌግራፍ መጣ። ሰው ሁሉ ቴሌግራፍ ሲመጣ በቃ ጭጋጉ ተገፈፈ ብሎ አሰበ። መጀመሪያ የታየው ግን ሌላ ነው። ያው ክሪሚያ ላይ፣ 1855 ኤፕሪል፣ ከቫርና ተነስቶ ጥቁር ባህርን በውስጥ ለውስጥ የሚያቋርጥ ኬብል ተዘረጋ፣ እና ከእንግሊዝ ጎን ሆኖ ሩሲያን ይወጋ የነበረው የፈረንሳዩ ናፖሊዮን 3ኛ ፓሪስ ቁጭ ብሎ በየጊዜው እንዲህ አድርጉ እንዲያ አድርጉ ማለት ጀመረ። አዛዡ ካንሮቤር በዚህ መሃል ተጨንቆ ሜይ ላይ ሥልጣኑን ለቀቀ። የተተካው ፔሊሲየ ግን ጠንካራ ሰው ነበር፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፍ ታስሮ ጦር መምራት አይቻልም ብሎ በግልጽ መለሰ፣ የራሱን አካሄድ ሄደ፣ ተከባ የቆየችው የሩሲያ ወደብ ሴባስቶፖልም በሴፕቴምበር ተያዘች። ልብ በሉ፣ ኬብሉ ከተዘረጋ ገና ወራት ነው፣ እና የሩቅ አለቃ እጁን አርዝሞ መነካካት የሚባለው በሽታ ወዲያው ታየ።

ሞልትከ ጋር ስንመጣ ነገሩ ይበስላል። የፕሩሲያ ኤታማዦር ሹም የነበረው ሽማግሌው ሞልትከ በ1866 ከኦስትሪያ ጋር ሲዋጋ ባቡርም ቴሌግራፍም አለው። በባቡሩ ተጠቀመና ሶስት ሰራዊት በተለያየ አቅጣጫ አስገባ፣ አምስት መስመር ነበረው ኦስትሪያ አንድ ብቻ ሲኖራት፣ ከበርሊን ሆኖ በቴሌግራፍ አቀናጃቸው። ግን የሚልከው መልእክት አጭር ነው፣ አጠቃላይ አቅጣጫና ዓላማ እንጂ ዝርዝር የለውም። የበታች አዛዥ ራሱ ሊወስነው የሚችለውን ነገር ትእዛዝ ውስጥ አታስገባ የሚል እምነት ነበረው፣ ከጠላት ዋና ኃይል ጋር ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ የትኛውም ዕቅድ በእርግጠኝነት አይዘልቅም ያለውም እሱ ነው። ደሞ ቆንጆው ነገር ጁላይ 3 የኮኒግግሬትዝ ውጊያ ሊጀመር ሲል የሆነው ነው። ውሳኔው ሌሊት ላይ ተወሰነ፣ ሁለተኛው ሰራዊት በአልጋ ወራሹ የሚመራው ከጎን መጥቶ እንዲመታ ያስፈልጋል፣ ግን ከሱ ጋር የቴሌግራፍ ግንኙነት የለም። ያ ሁሉ ባቡር፣ ያ ሁሉ ሽቦ፣ በመጨረሻ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር የተፋለመበትን ቀን የወሰነው ወረቀት በጨለማ በፈረስ ነው የሄደው። አልጋ ወራሹ ቀድሞውኑ ዓላማውን ያውቅ ስለነበር ትእዛዙ ሲደርሰው ማብራሪያ አልጠየቀም፣ ተነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ኦስትሪያዎቹ ጎን ላይ ደረሰ።

አንድ የክፍለ ጦር አዛዥ በዛ ውጊያ መሃል የሞልትከ ትእዛዝ ሲደርሰው "ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ጀነራል ሞልትከ ማነው?" አለ ተብሎ ይወራል። ብዙ ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን ከቁም ነገር ነው የማየው፣ ያ አዛዥ ሞልትከን ሳያውቅ የሞልትከን ዕቅድ በደንብ እየፈጸመ ነበር።

ስለ ካርታ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፣ ካርታም እኮ ቴክኖሎጂ ነው፣ ሩቅ ያለውን መሬት ጠረጴዛ ላይ የሚያመጣ። ዓድዋ ላይ፣ 1896 ፌብሩዋሪ 29 ለማርች 1 አጥቢያ፣ ባራቲየሪ ብርጌዶቹን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ በግራ በኩል የነበረው አልቤርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ነው። የተሰጠው ንድፍ ካርታ ላይ ያ ስም የተጻፈው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። አልቤርቶኔ በካርታው መሰረት መድረስ ያለበት ቦታ ደርሶ ነበር፣ መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት፣ እሱም ስሙን ተከትሎ ኪሎሜትሮች ሄደ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን የኢትዮጵያ ሰራዊት ፊት ደረሰ። እዚህ ላይ የሚያስተምረኝ ነገር፣ ትእዛዙ የቦታ ስም ሰጠው እንጂ ዓላማውን በደንብ አልሰጠውም፣ የሌሎቹን ብርጌዶች ጎን ሸፍነህ ቁም የሚለው ቢቀድም ኖሮ ስሙ የትም ይሁን የት ከጓዶቹ አይለይም ነበር። ትክክለኛ የሚመስል መረጃ አንዳንዴ ምንም ካለማወቅ የባሰ ነው፣ የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ረጋ ልበል፣ ምክንያቱም የሰው ልጅ ለዚህ ጉዳይ ከከፈለው ሁሉ እጅግ የመረረው እዛ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሶም፣ 1916 ጁላይ 1። እንግሊዞቹ ወራት ተዘጋጅተዋል፣ የስልክ ኬብል ሁለት ሜትር ገደማ ጥልቀት ቆፍረው ቀብረዋል መድፍ እንዳይቆርጠው፣ የመድፍ ተኩሱ በደቂቃ ተከፋፍሏል፣ እግረኛው በየትኛው ደቂቃ የት እንደሚደርስ ተጽፏል። ሁሉም ነገር ከላይ የታሰበ ነው። ኬብሉ ግን የሚያልቀው የራሳቸው ምሽግ ጋር ነው። ወታደሩ ከምሽጉ ወጥቶ ወደ ጠላት ሲራመድ ከጀርባው ያለው ሽቦ ሁሉ ዋጋ አጣ፣ ሬዲዮ ተሸክሞ መሄድ በዛን ጊዜ አይቻልም፣ የቀረው እየሮጠ መልእክት የሚያደርስ ልጅ፣ እርግብና ባንዲራ ነው፣ ሯጩ ደሞ በመትረየስ ፊት ነው የሚሮጠው። አዛዦቹ ከኋላ በሚገኙ ቤቶች ስልክ አጠገብ ተቀምጠው ለሰዓታት ምን እንደሆነ አያውቁም፣ የሚመጣው ወሬ ወይ የቆየ ወይ የተሳሳተ ነው፣ ያለቀ ጦር ግቡን ይዟል ይባላል። በደቡብ በኩል ሞንቶባን የሚባለው መንደር በዛው ቀን ተይዟል፣ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ግን ክፍተቱን የሚጠቀምበት ተጠባባቂ ጦር የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው እዛ የለም፣ ያለው ሰው ደሞ አላየም። የዛን አንድ ቀን የእንግሊዝ ጉዳት 57,470 ነው፣ ከነዚህ 19,240ው ሞቱ። ይሄን ቁጥር ስናገር ሁልጊዜ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ አዳራሹ ውስጥም እንደዛ አደረግኩ።

ጀነራሎቹ ሰነፍ ወይ ፈሪ ስለሆኑ ነው ከኋላ የተቀመጡት የሚለውን አልቀበልም። ስልኩ ያለው ከኋላ ነው፣ ወደፊት ቢሄዱ ከመድፋቸውም ከሌላው ክፍለ ጦርም ጋር ይቆራረጣሉ። ቴክኖሎጂው ራሱ ወንበር ላይ አሰራቸው። ማድረግ ይችሉ የነበረው ሥልጣኑን ወደፊት መላክ ነው፣ ጀርመኖች ቀስ በቀስ ያገኙት ይሄን ነው። በመከላከል ሥርዓታቸው ግንባር ላይ ያለው የሻለቃ አዛዥ በሱ ክልል ያለውን ውጊያ እንዲመራ ሥልጣን ሰጡት፣ ሊረዳው የሚመጣው ተጠባባቂ ጦር አዛዥ በማዕረግ ቢበልጠው እንኳ መሬቱን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ በሱ ስር ይገባል። ማዕረግን ለዕውቀት ማስጎንበስ ማለት ነው፣ ማዕረግ እንደ ሃይማኖት በሚታይበት ሰራዊት ውስጥ። ቀላል ነገር አይደለም።

ሬዲዮ ሲመጣ ይሄ ሰንሰለት ላላ። የጀርመኑ የታንክ ጀነራል ጉደሪያን በ1914 ሬዲዮ ጣቢያ ያዘዘ የመገናኛ ሰው ነበር፣ እና እያንዳንዱ ታንክ ሬዲዮ ይኑረው ብሎ የተከራከረው ለዛ ነው፣ አዛዡ ከፊተኛው ጦር ጋር እየሄደ ከኋላው ጋር ማውራት እንዲችል። በ1940 የፈረንሳይ ታንኮች ብዙዎቹ በብረትም በመድፍም ከጀርመኖቹ አያንሱም ነበር፣ ሬዲዮ ግን አብዛኞቹ የላቸውም። ጠቅላይ አዛዡ ጋምላን ደሞ ቫንሴን በሚባለው ግንብ ውስጥ ያለ ሬዲዮ ነው የተቀመጠው፣ ትእዛዙ በስልክና በሞተርሳይክል ይሄዳል። ጀርመኖች ሜይ 13 ሰዳን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ወንዙን ተሻገሩ፣ ሜይ 20 ባህሩ ጋ ደረሱ። ፈረንሳዮቹ ለትናንቱ ሁኔታ ዛሬ ትእዛዝ ይጽፉ ነበር፣ ነገ ይደርሳል።

ግን የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ጉደሪያንን ራሱን አለቆቹ ቁም አሉት፣ ጎንህ ተጋልጧል ብለው ፈሩ። ተጨቃጨቀ፣ በመጨረሻ "ጠንከር ያለ ቅኝት" ማድረግ ተፈቀደለት። እሱ ማዘዣ ጣቢያውን ካለበት ሳያንቀሳቅስ ራሱ ወደፊት ሄደ፣ ከማዘዣ ጣቢያውም እስከሱ የስልክ ሽቦ አዘረጋ፣ ለምን፣ በሬዲዮ ካዘዘ የራሱ የበላዮች ጠልፈው የት እንደደረሰ ይሰማሉ። ሬዲዮን ወደ ታንክ ያስገባ ሰው ከገዛ አለቆቹ ጆሮ ለመሸሽ ወደ ሽቦ ተመለሰ! እሱ የበታቾቹን የሚያዝበት ሬዲዮ እሱንም ከላይ የሚያዘው ሰው መሳሪያ እንደሆነ ገብቶታል። ኋላ ላይ ሂትለር በዛው መገናኛ ተጠቅሞ ሺህ ኪሎሜትር ርቆ ላለ ጦር አንድ እርምጃ አታፈግፍግ እያለ ሲያዝ የሆነውን ታውቃላችሁ፣ ስታሊንግራድ ላይ አንድ ሙሉ ሰራዊት አለቀ።

እዚህ ጋ ከደረስኩ ብዙ ሰው አዎ በቃ ሥልጣን ወደታች መስጠት ነው መልሱ ብሎ ይደመድማል። ቆዩ። በዛው ዓመት፣ 1940 በአውሮፓ በጋ፣ የብሪታንያን ሰማይ ያዳነው ሥርዓት ማዕከላዊ ነበር። የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አዛዥ ዳውዲንግ ያቋቋመው ሥርዓት በባህር ዳርቻ ያሉ ራዳሮችን ይዟል፣ ራዳሮቹ የሚያዩት ወደ ባህሩ ብቻ ስለሆነ አውሮፕላኑ ምድር ላይ ከገባ በኋላ በዓይንና በጆሮ የሚከታተሉ የታዛቢ ጓድ አባላት በአስር ሺዎች ነበሩ። የራዳሩ ወሬ ሁሉ ቤንትሊ ፕራዮሪ ወደሚባል አንድ ቦታ ይመጣል፣ እዛ ያጣሩታል፣ ሁለት ጣቢያ ያየው አንድ ቡድን ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ይለያሉ፣ ከዛ የተጣራው ብቻ ጠረጴዛ ካርታ ላይ ይወጣል፣ አገሪቱ ወደተከፋፈለችባቸው ትላልቅ ክልሎች፣ ግሩፖች ወደሚባሉት፣ ከዛም በውስጣቸው ወዳሉት ሴክተሮች ይወርዳል። የሴክተሩ ተቆጣጣሪ አብራሪዎቹን በሬዲዮ ወደ ጠላት ይመራል። አየር ላይ ያለ አብራሪ ሃምሳ ኪሎሜትር ርቆ ያለውን አያይም፣ መሬት ላይ ያለው ያያል፣ ስለዚህ መሬት ያለው ያዛል። አብራሪው ጠላትን በዓይኑ ያየ ሰከንድ ግን ትእዛዙ ወደ አየሩ መሪ ይዞራል፣ ተቆጣጣሪው ዝም ይላል። ዳውዲንግ ራሱ የዕለት ውጊያውን አልመራም፣ ያንን ለፓርክና ለሌሎቹ የግሩፕ አዛዦች ትቶታል። ይሄ ሥርዓት ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ ማን የተሻለ ያያል የሚለው ጥያቄ በደቂቃ ውስጥ መልሱ ሊቀየር እንደሚችል ተረድቶ የተሰራ ነው፣ ትእዛዙ የተሻለ የሚያየውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል።

ቬትናም ላይ ይሄ ትምህርት ተረሳ። ሄሊኮፕተር ለአሜሪካ አዛዦች የራግላንን ኮረብታ ክንፍ አውጥቶ ሰጣቸው፣ ታች ጫካ ውስጥ አንድ የሻምበል አዛዥ ሲዋጋ ከላዩ የሻለቃው አዛዥ፣ ከሱ በላይ የብርጌዱ፣ አንዳንዴም ከሱ በላይ የክፍለ ጦሩ አዛዥ በሄሊኮፕተር እየዞሩ ሁሉም በሬዲዮ ያወሩታል። ከላይ ጫካው አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፣ ታች ግን ገደል ነው፣ ረግረግ ነው፣ ጥይት ነው። "ለምን አትንቀሳቀስም" የሚል ድምፅ ከሰማይ ሲመጣ መሬት ላይ ያለው ሰው ከጠላትም ከአለቃም ጋር ሊዋጋ ነው።

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው መረጃ ስለማጣት ወይ ስለማርፈድ ነው። ከዛ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፣ መረጃው በዛ። 1988 ጁላይ 3፣ ሆርሙዝ ሰርጥ፣ የአሜሪካ የጦር መርከብ ቪንሰንስ። መርከቡ ኤጂስ የሚባለውን በዘመኑ አቻ ያልነበረውን የራዳርና የኮምፒውተር ሥርዓት ይዟል። ከኢራን ጀልባዎች ጋር ተኩስ ላይ እያለ ከኢራኗ ባንዳር አባስ ከተማ አንድ አውሮፕላን ተነሳ፣ የመንገደኞች ኤርባስ። ራዳሩ አውሮፕላኑ ወደላይ እየወጣ እንደሆነ በትክክል መዝግቧል፣ ቴፑ በኋላ ታይቷል። የማዘዣው ክፍል ውስጥ ግን እየወረደ ወደኛ እየመጣ ነው የሚል ሪፖርት ለካፒቴኑ ደረሰ። ከተነሳ በሰባት ደቂቃ ገደማ ተመትቶ ወደቀ፣ 290 ሰው፣ 66ቱ ልጆች። ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ስታርክ የሚባል ሌላ የአሜሪካ መርከብ በሚሳይል ተመትቶ 37 ባህረኞች ሞተው ስለነበር ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ያ ነበር፣ የፈሩትን አዩ። ማሽኑ አልተሳሳተም። ጭጋጉ ከውጪው ዓለም ተነስቶ ወደ ክፍሉ ውስጥ፣ ወደ ሰዎቹ ጆሮና ልብ ገብቷል። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ "መረጃ ሲበዛ ጥርጣሬ ይቀንሳል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰው ሲናገር እንዳልሰማ ማለፍ አልቻልኩም።

በ2002 አሜሪካኖች ሚሌኒየም ቻሌንጅ የሚባል 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ልምምድ አደረጉ። የጠላትን ቦታ ይዞ የተጫወተው ጡረተኛው የማሪን ጀነራል ቫን ራይፐር ነበር። ተቃራኒው ወገን መገናኛውን ጠልፎ እንደሚሰማው ያውቃል፣ ስለዚህ ሬዲዮውን ትቶ በሞተርሳይክል መልእክተኛና በብርሃን ምልክት አዘዘ፣ ድንገት መታ፣ በልምምዱ ሂሳብ 16 መርከብ ሰጠመ። አዘጋጆቹ መርከቦቹን መልሰው "አንሳፈፉ"ና ልምምዱ ቀጠለ፣ እሱም በኋላ ጥሎ ወጣ። ያኔ ከዛ ውጤት ጋር ተፋጦ መቀመጥ ይሻል ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አሁን ያለንበትስ? ዩክሬን ላይ ሁለቱም ወገን ከሰማይ የማይነቀል ዓይን አለው። የብርጌድ አዛዥ ምድር ቤት ውስጥ ስክሪን ደርድሮ አንድ ጓድ ወታደር ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሮጥ በቀጥታ ያያል፣ ሬዲዮ ይዞ "በግራህ ያለው ቦይ ውስጥ ሁለት ሰው አለ" ብሎ ሊነግረው ይችላል፣ እና ይሄ ሕይወት ያድናል፣ በውነት ያድናል፣ ወታደሩ ያላየውን አይቶለታል። በዛው ስክሪን ደሞ ብርጌድ የሚመራ ሰው የብርጌዱን ሥራ ትቶ የጓድ መሪ ሆኖ ሊውል ይችላል። ስክሪን ይስባል። የሌላው ግንባር ቪዲዮ ስላልተከፈተ ብቻ ይረሳል።

ሌላም አለ፣ ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው። የሚያናግርህ መሳሪያ ሁሉ ያለህበትን ይናገራል። 2023 አዲስ ዓመት ሌሊት ሩሲያ በያዘችው የዩክሬን ከተማ ማኪይቭካ ላይ የሩሲያ ወታደሮች የተጠለሉበት ሕንጻ ተመታ፣ የሩሲያ መከላከያ ራሱ 89 ሰው መሞቱን ተናግሮ ዋና ምክንያቱ ወታደሮቹ ሞባይል መጠቀማቸው ነው አለ። የሬዲዮ ጠለፋውና ጃሚንጉ፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገዱን ማፈኑ፣ ስላለ ማዘዣ ጣቢያዎች መበተን፣ መደበቅ፣ ዝም ማለት አለባቸው። እንግዲህ ለሰላሳ ዓመት ሁሉን ከሁሉ እናገናኛለን ሲባል ኖሮ፣ አሁን ሰራዊቶች ለአራት ሰዓት፣ ለአንድ ቀን፣ ግንኙነት ተቋርጦ እንዴት እንደሚዋጉ እንደገና መማር ግድ ሆኖባቸዋል። ዳቩ እንደዋለው ማለት ነው።

ግዳጅ ሰጥቶ መተው ለምን ከባድ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። መመሪያ ላይ ለመጻፍ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ፕሩሲያዎች ከዬና እስከ ኮኒግግሬትዝ 60 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። የበታቹ የአለቃውን ዓላማ ሳይነገረው መገመት መቻል አለበት፣ አለቃው ደሞ የበታቹ ሲሳሳት በሰላም ጊዜ ሳይቀጣው መቻል አለበት፣ በልምምድ ተሳስቶ የተሰደበ ሻምበል በጦርነት ጊዜ ራሱ አይወስንም፣ ይጠይቃል፣ ሬዲዮው ከተቋረጠ ደሞ ቁጭ ይላል። እምነት በችግር ቀን የሚሰራ ነገር አይደለም፣ ቀድሞ ተሰርቶ ያደረ መሆን አለበት። ለዚህ ነው አንድ ሰራዊት አዲስ ሲስተም ገዛ ሲባል የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ስክሪኑን ማን ያያል ሳይሆን፣ ስክሪኑ የጠፋ ቀን የመቶ መሪው ምን ማድረግ ተፈቅዶለታል የሚለው የሆነው።

ከንግግሩ በኋላ ከመጡት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ እዚህ ላስገባ። አንዲት ወጣት ተነስታ፣ ፍጥነቱ ከሰው በላይ ሲሆን ውሳኔውን ለኤአይ መስጠት አይቀርም ወይ አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ የሚመጣ ሚሳይልን በሰከንድ ውስጥ ለመምታት ማሽኑ ዛሬም ራሱ የሚወስንበት ቦታ አለ፣ እዛ ላይ ሰው እስኪያስብ መጠበቅ መሞት ነው። ሌላው ላይ ግን 1983ን ነገርኳት። ሴፕቴምበር 26 ሌሊት፣ ሞስኮ አቅራቢያ ባለ የምድር ውስጥ ጣቢያ ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ተረኛ ነበር። የሳተላይቱ ሥርዓት አሜሪካ ሚሳይል ተኮሰች አለ፣ መጀመሪያ አንድ፣ ከዛ ተጨምሮ አምስት። ሥርዓቱ ደጋግሞ እርግጠኛ ነኝ ይላል። ፔትሮቭ ግን ጦርነት የሚጀምር ሰው በአምስት ሚሳይል አይጀምርም ብሎ አሰበ፣ ሥርዓቱም አዲስ እንደሆነ ያውቃል፣ የምድሩ ራዳርም ምንም አላሳየም፣ ስለዚህ ወደ በላይ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ፣ ከዛ ደቂቃዎቹ እስኪያልፉ ጠበቀ። ልጅቷ "እና ሳተላይቱ ያየው ምን ነበር?" አለችኝ። ከፍ ያለ ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ነበር።